የወጌሻው ሁለት ጣት

ሁልጊዜ የማነሳው ሁለት ጣት ነበር። ይሄን ነገር እኔ አላመጣሁትም፤ ከኔ በፊት የነበረው ወጌሻም ሁለት ነበር የሚያነሳው፣ የሌሎቹም ቡድኖች ወጌሾች እንደዚያው። ተጫዋች ተመትቶ ሲወድቅ ባልዲዬን አንጠልጥዬ እሮጣለሁ፣ ራሱን የሳተ የሚያነቃውን አሞኒያ አፍንጫው ሥር አስጠጋለሁ፣ «ስንት ነው?» እለዋለሁ። «ሁለት» ይላል። «ደህና ነው!» ብዬ ለአሰልጣኙ እጮሃለሁ። ስሙ የጠፋበት ሰው እንኳ ሁለት ማለት አይጠፋበትም። መልበሻ ክፍል ውስጥ ይሄን እያነሳን ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር።

ኤሚል ቫሽኮ የቡድናችን የፊት መስመር ተጫዋች ነበር፤ የኛ ጨዋታ ኳሷን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት የአሜሪካ እግር ኳስ ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ ኳሷን አንድ ጊዜ ቢነካት ነው፣ እሱም ራሷ ተንከባልላ መጥታበት። ሥራው ከፊቱ የቆመውን ግንድ የሚያህል ሰውዬ በግንባሩ ገጭቶ፣ ከኋላ ለሚሮጠው መንገድ መክፈት ነው። ያኔ የራስ ቁሩ የፊት መከላከያ የለው፣ ምን የለው! የፊት ጥርሱ በሦስተኛው ዓመት አለቀ። አባቱ ከፒትስበርግ በታች፣ ወንዙ ዳር ባለው ብረት ማቅለጫ ነበር የሞተው፤ ኤሚል እዚያ በር ላለመመለስ ሌላም ጥርስ ቢኖረው ይሰጥ ነበር። ሴት ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በዘጠነኛው ዓመት፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሚስቱ ሩዜና በጎመን የተጠቀለለ ሥጋ በድስት ይዛ ቤቴ መጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።

«አበልጄ፣ ኤሚል ልክ አይደለም።»

«መቼ ልክ ሆኖ ያውቃል?» አልኳት ላስቃት ብዬ።

«አትቀልድብኝ! ሐሙስ ዕለት መኪናውን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቁሞ በእግሩ መጣ። ከዚያ ሰረቁኝ ብሎ ፖሊስ ጠራ። ትናንት ደግሞ ልጁን በሞተችው እህቱ ስም ሲጠራት ዋለ። ልጅቷም አቤት ትለዋለች፣ ምን ታድርግ!»

ቀልዱ አፌ ላይ ደረቀ። «ነገ ሜዳ እንዳትገባ በይው» አልኳት።

«እኔን መቼ ሰምቶኝ! ያንተ ሥራ ነው። የጣቱን ነገር እንደሆነ የተጫዋች ሚስት ሁሉ ታውቀዋለች። ነገ ከተመታ ሦስት አንሳለት። ሁለት ካለህ አስወጣው። በእናትህ!»

«በእናቴ» አልኳት። ድስቱን እጄ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

እሑድ የማቅለጫው ጭስ ከደመናው ጋር ተደርቦ ሜዳው ላይ ተደፍቶ ዋለ። መልበሻ ክፍል ውስጥ የኤሚልን ቁርጭምጭሚት እየጠቀለልኩ «ዛሬ ከማን ጋር ነን?» አልኩት።

«ከነሱ ጋር ነዋ!» አለኝ።

ሰዎቹ ሳቁ። ኤሚል ፊት ለፊቱ ጫማውን የሚያስረውን የሱን ቦታ ተቀያሪ፣ ያን ወጠምሻ፣ እያየ ዓይኑን አልነቀለም።

በጨዋታው ሦስተኛ ሩብ ላይ ተመታ። የግጭቱን ድምፅ ከመስመሩ ውጭ ቆሜ ሰማሁት። መጀመሪያ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ከዚያ በግንባሩ ተደፋ። ሮጬ ደረስኩና ገልብጬ አሞኒያውን አስሸተትኩት። ዓይኑ ሲከፈት አንደኛው ወደኔ፣ ሌላኛው ወደ ጎን ያያል። ቀና ስል ሩዜና ከደጋፊው መሃል ብድግ ብላ ቆማለች። እጄን ከፍ አድርጌ ሦስት ጣት አነሳሁ።

«ስንት ነው?»

«ሁለት።»

«ኤሚል፣ ደህና አድርገህ እይ።»

«ሁለት አልኩህ እኮ!» የሸሚዜን ደረት ጨምድዶ ያዘኝ። «ክሌም፣ ዛሬ ከወጣሁ ወጣሁ ነው። ቦታዬን ለዚያ ወጠምሻ ሰጠኸው ማለት ነው። የት ልሂድልህ? ማቅለጫው ልግባ?»

አሰልጣኙ ከዳር ሆኖ «አንተ ወጌሻ! እዚያ ምን ይጎልትሃል? ይጫወታል አይጫወትም?» ብሎ አምባረቀ።

እጄን ዝቅ አደረግኩት። በኤሚል ደረትና በኔ ደረት መሃል፣ ሌላ ሰው በማያይበት፣ አንዷን ጣት አጠፍኳት። ለምን እንዳጠፍኳት እግዜር ይወቅ እል ነበር። ውሸቴን ነው፣ እኔም አውቃለሁ። አሰልጣኙን ፈራሁ፤ የኤሚል ልመናም አንጀቴን በላው።

«ትክክል ነህ» አልኩት። «ደህና ነው!» ብዬ ጮህኩ።

እስከ መጨረሻው ተጫወተ፤ አሸነፍንም። «ቫሽኮ! ቫሽኮ!» እያሉ በትከሻቸው ተሸክመው አስገቡት። መልበሻ ክፍል ውስጥ የጫማውን ክር ፈትቶ እንደገና አሰረና «መቼ ነው የምንገባው?» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሜዳ አልረገጠም።

ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው እሄዳለሁ። ኤሚል መስኮቱ ሥር ይቀመጣል፤ ልጁ አድጋ ሥራ ይዛለች፣ እሱ ግን ዛሬም በእህቱ ስም ነው የሚጠራት። ባለፈው ሳምንት እንደ ምንም ወኔዬን ሰብስቤ፣ ሩዜና ምግብ ስታቀርብልኝ፣ «የዚያን ቀን የሆነውን…» ብዬ ጀመርኩ።

«ተው አበልጄ» አለች። «ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሆኜ ሦስት ስታነሳ በዓይኔ አይቻለሁ። አንተ ቃልህን ጠብቀሃል። አልሰማ ያለህ ያ አሰልጣኝ ነው፤ እግዜር የሥራውን ይስጠው!» ሳህኔ ላይ ጨምራ ከመረችልኝ። «ብላ እንጂ፣ ከስተሃል።»

መናገር ነበረብኝ። እጄን ኪሴ ከትቼ ተቀመጥኩ። ኤሚል ከመስኮቱ ዞረና ትኩር ብሎ አየኝ።

«ሁለት» አለኝ።

«ትክክል ነህ» አልኩት።