ከዳተኛዋ ሸክላ

ዮሄይ ዘሎ ሲያርፍ ጉልበቱን ትንሽ ሸብረክ ያደርጋል። ኮፍያው ብድግ ይልና ተመልሶ ራሱ ላይ ቁጭ ይላል። ሰው አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ጌም ያልጣለው በዚያች ዝላይ ምክንያት ነው፤ ዝላይዋን የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ስሜ ሱሚዬ ኩዋባራ ይባላል። «ዮሄይ ጣሪያ ለጣሪያ» በሚባለው በዚህ ጌም ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም።

የቀረው ነገሩ ጉድ ነው፤ ከሌላ ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ። ጣሪያ ሠሪው ዮሄይ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም። ዘፈኖቹ ሦስት ብቻ ናቸው፣ ሦስቱም ጆሮ ያደነቁራሉ። በረዶ ያለበት ጣሪያ ላይ ሰውዬው ሳሙና እንደረገጠ ይንሸራተታል። ከሞታችሁ እንደገና ከመጀመሪያው ጣሪያ ነው። ዘጠነኛው ጣሪያ ላይ ደግሞ ከዳተኛዋ ሸክላ አለች። ከሌሎቹ ሸክላዎች በምንም አትለይም፤ ስትቆሙባት ግን ቁልቁል ትለቃችኋለች። በእሷ ተናዶ መጫወቻውን ግድግዳ ላይ የወረወረው ልጅ ስንት ነው! ያው ልጅ ዛሬ ፀጉሩ ሸብቶ ስለ እሷ ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

ሸክላዋ የእኔ ስህተት ናት። ኮዱ ውስጥ አንድ ቁጥር አጉድዬ ጻፍኩ፣ በቃ። ነገሩ የታወቀው ጌሙ ተባዝቶ የኦሳካ ሱቆች ከገባ በኋላ ነበር። አለቃችን ሺባሙራ ስድስታችንንም የጌሙን ሠሪዎች አቆመንና በሁሉም ፊት ጮኸብኝ።

«ኩዋባራ! ዓይንሽ የት ነበር?»

«ይቅርታ፣ አለቃ።»

«በአፍ ይቅርታማ ማንም ይላል። ጻፊው!»

እኛ ዘንድ ሥራ ያበላሸ ሰው የይቅርታ ደብዳቤ ይጽፋል። ምን እንዳጠፋ፣ ለምን እንዳጠፋ፣ ዳግመኛ እንደማያጠፋ ይዘረዝራል፤ መጨረሻ ላይ ሙሉ ስሙን ጽፎ ቀዩን የስም ማኅተሙን ይመታል። እኔን ሺባሙራ ሦስት ጊዜ አስጻፈኝ። የመጀመሪያውን «ጸጸት የለበትም» ብሎ ቀደደው። ሁለተኛውን «ጸጸቱ በዛ» ብሎ መለሰልኝ። ሦስተኛውን ተቀበለ። ሁለተኛውን ለምን እንዳስቀመጥኩት እንጃ፤ እልህ ይሆናል።

ጌሙን የጨረሰ ሰው መጨረሻ ላይ የሠሪዎቹን ስም ያያል። ያኔ ኩባንያዎች ሠራተኛ እንዳይነጠቁ ስለሚፈሩ እውነተኛ ስም አያወጡም ነበር። ሺባሙራ ለሁላችንም የአትክልት ስም አወጣልን። እሱ «ንጉሥ ዱባ» ሆነ፣ እኔ «የኮመጠጠች ሽንኩርት»። ስቄ ተቀበልኩ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ ሞኝ ነበርኩ።

ከዚያ ወጥቼ ለሩዝ ማብሰያ ማሽን ኮድ ስጽፍ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ሺባሙራ ግን ታዋቂ ሆነ። በየመጽሔቱ «ሸክላዋን ሆን ብዬ ነው ያስቀመጥኳት፤ ሰው ያመነው ነገር እንደሚከዳው ይማር ብዬ» እያለ ይፈላሰፋል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ምግብ አይዋጥልኝም።

ዘንድሮ ኩባንያው አርባኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ ጌሙን እንደገና ሊያወጣ፣ ኤግዚቢሽንም ሊከፍት ሆነ። የሠሪዎቹ እውነተኛ ስም ይገባል፣ ማስረጃ ያላችሁ ቅረቡ ተባለ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም። ስሜ አንዴ እዚያ ስክሪን ላይ ሲያልፍ ማየት ብቻ ነበር የፈለግኩት። ጌሙን መሥራቴን የሚመሰክር ወረቀት ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ ያ ያስቀመጥኩት ሁለተኛው የይቅርታ ደብዳቤ። ይዤው ሄድኩ።

የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ ኒሺዋኪ የምትባል፣ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት። አነበበችና ደነገጠች።

«እንዴ! ከዳተኛዋ ሸክላ ስህተት ነበረች?»

«አዎ፣ የእኔ ስህተት።»

«ሺባሙራ ሳን ግን እኔ ነኝ ያሰብኳት ይላሉ...» አለች፤ «ሳን» የአክብሮት መጥሪያችን ነው።

«ሺባሙራ ሳን ያሰቡት ነገር ቢኖር እኔን ማባረር ነው።»

ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ኩዋባራ ሳን፣ ይሄ እኮ ቅርስ ነው! አደራዎን፣ በደንብ እንይዘዋለን» ብላ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

የመክፈቻው ቀን ፀጉሬን ተሠርቼ ሄድኩ። ደብዳቤዬ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ስሜ ላይ ጥቁር ወረቀት ተለጥፏል፤ ማኅተሜም ላይ። ሥሩ «የአንድ ሠራተኛ የይቅርታ ደብዳቤ። ሺባሙራ ስህተቱን አይተው ሳቁ፤ ትኑር አሉ» ይላል። አጠገቡ ባለው ስክሪን የሠሪዎቹ ስም ያልፋል። ንጉሥ ዱባ ሙሉ ስሙ ከነማዕረጉ ወጥቶለታል። የኮመጠጠች ሽንኩርት ያው የኮመጠጠች ሽንኩርት ናት።

ኒሺዋኪን ፈልጌ አገኘኋት። «ስሜ የታለ?»

«የግል መረጃ ለመጠበቅ ነው፣ ኩዋባራ ሳን። የስህተት ወረቀት ስለሆነ፣ እንዳያፍሩበት ተብሎ ነው።»

«እኔ አፈርኩ አልኩሽ?»

«አላሉም...»

«እሺ፣ ስክሪኑ ላይስ?»

አንገቷን ደፋች። «ሺባሙራ ሳን ሽንኩርቷ ማን እንደነበረች አላስታውስም አሉ። የሕግ ክፍል ደግሞ ይቅርታ የጠየቀ ሁሉ ሠሪ ነው ማለት አይደለም አለ። በጣም ይቅርታ።»

ማኅተሜ ከቦርሳዬ አይጠፋም። አወጣሁት፣ ቀዩን ቀለም አስነካሁት፣ ከጥቁሩ ወረቀት ትይዩ መስታወቱ ላይ መታሁት። ኩዋባራ። አንዴ አልበቃኝም፤ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጥበቃው መጥቶ ክንዴን ያዘኝ፤ ኒሺዋኪ መሐረብ አውጥታ ስሜን ጠረገችው።

ከግድግዳው ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል አስገቡኝ። ሻይ ቀዱልኝ። ቀጥሎ ነጭ ወረቀትና ብዕር ፊቴ አስቀመጡ።

«ኩዋባራ ሳን፣ ፖሊስ አንጠራም» አለች ኒሺዋኪ። «ደንብ ስለሆነ ግን አጭር የይቅርታ ደብዳቤ ይጻፉልን። መጨረሻው ላይ ሙሉ ስምዎን፣ በደንብ እንዲነበብ አድርገው።»

በግድግዳው ማዶ ጌሙን የሚጫወት አንድ ሰው ከዘጠነኛው ጣሪያ ወደቀ መሰለኝ፤ ጩኸትና ሳቅ ሰማሁ። ምን እንዳጠፋሁ ጻፍኩ። ለምን እንዳጠፋሁ የሚለውን ባዶ ተውኩት። ስሜን ትልቅ አድርጌ ጻፍኩና ማኅተሜን መታሁበት።

ኒሺዋኪ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀብላ አየችው።

«በጣም ግልጽ ነው፣ ኩዋባራ ሳን» አለችኝ። «እናመሰግናለን።»