አሥራ ሰባተኛው ማሳሰቢያ

ታክ ጂንሞ ወረቀቱን ለሦስተኛ ጊዜ አነበበው። አሥራ ስድስቱ ማሳሰቢያዎች ማሽን የሚያወጣቸው ዓይነት ነበሩ፤ የበር ስፋት፣ የብርሃን መጠን፣ የእሳት መውጫ ርቀት። አሥራ ሰባተኛው ግን እንዲህ ይል ነበር፦ «አሮጊቶቹ የሚመጡት ባዶ የሕፃን ጋሪ እየገፉ ነው፤ ጋሪው ምርኩዛቸው ነው። በመግቢያው ያሉት ሦስት ደረጃዎች ጋሪውን ውጭ ያስቀሩታል። የጓሮውን መንገድ ደግሞ አይረግጡትም፤ ያፍራሉ።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው።

ሦስቱ የድንጋይ ደረጃዎች የእርሱ መታወቂያ ነበሩ። በሠላሳ አራት ዓመት የአርክቴክትነት ሥራው በኮሪያዋ የወደብ ከተማ በቡሳን ያቆማቸው ቤቶች ሁሉ ሰውን ከመንገድ ተቀብለው ወደ ውስጥ የሚያስገቡት በእነዚያ ደረጃዎች ነበር። ሰው ወደ ቤት ሲገባ ከፍ ማለት አለበት ብሎ ያምናል። በተራራው ወገብ ላለው ሰፈር የነደፈው የአዛውንቶች መዋያም ከዚህ አልወጣም። ለተሽከርካሪ ወንበር ሕጉ የሚያዝዘውን ተዳፋት በጓሮ በኩል አበጅቶለታል፤ ነቀፌታ የለበትም። ንድፉ ዛሬ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በፊት የእርሱ ማኅተም አርፎበት ወረዳው ጽሕፈት ቤት መድረስ ነበረበት።

እረፍት የነሳው «ያፍራሉ» የሚለው ቃል ነው። ማሽን እፍረትን ከየት ያውቃል?

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን ይህን ነገር ባለፈው መኸር ወደ ቢሮው ያስገባው ምክትሉ ፒዮ ዶንግሱክ ነበር። «አዲሱ ባልደረባ» ይለዋል። ሠራተኛው ሲወጣ ንድፉን ይመረምራል፤ ጠዋት ማሳሰቢያዎቹ ታትመው ታክን ይጠብቁታል። መጀመሪያ ናቀው። ከወር ወዲህ ግን ማሳሰቢያዎቹ መካከል ሰው ሰው የሚሸቱ መስመሮች ብቅ ይሉ ጀመር፤ እርሱም ማሽኑ ይሰማኛል ብሎ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ መነጋገር ጀመረ። ደግሞም ከማሽኑ ይበልጥ የሚጠረጥረው ፒዮን ነበር። የአለቃውን ወንበር የሚሻ ሰው በራሱ አፍ አይናገርም፤ አፍ ይከራያል።

«ፒዮ! እስቲ ና። ይሄ ባልደረባህ ጋሪውን የት አየው?»

ፒዮ ወረቀቱን ገልብጦ አነበበና ቅንድቡን አነሣ። «እርስዎን ይንሳኝ፣ አለቃ፣ አላውቅም። እንግዲህ ያላነበበው ነገር የለ…»

«እፍረት ይነበባል?»

«እኔ እንኳ ሚስቴ በምን እንደምታፍር ሃያ ዓመት አብሬያት ኖሬ አልደረስኩበትም። በእኔ ከማፈሯ በቀር።»

«ጥርስህን ክደን። አንተ ነህ የጻፍከው?»

የፒዮ ሳቅ ከፊቱ ላይ ወረደ። «እኔ? ጉልበቴን ያውቁት የለ እንዴ? ያንን ተራራ ወጥቼው አላውቅም። ወረቀቱንም አትማ የምታስቀምጥልዎ ሄራን ነች፤ እኔ ከእርስዎ በኋላ ነው የማየው።»

ማ ሄራን በማዕዘኑ ጠረጴዛዋ አንገቷን እንደደፋች ነበረች። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ታክ ከእርሷ «እሺ አለቃ» ከሚለው የተለየ ቃል መስማቱን አያስታውስም። እርሷን መጠርጠር ከግድግዳ ጋር መጣላት ሆኖ ታየው። ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

ሰፈሩ አውቶቡሱ ከሚቆምበት በላይ ነው፤ የቀረውን በእግሩ ወጣው። አሮጊቶቹ የሚውሉበት የቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ላይ ስድስት የሕፃን ጋሪዎች ተሰልፈዋል። አንዱ ጎመን ይዟል፤ አንዱ የታጠፈ ጃንጥላ፤ ሌላው እንዳይገለበጥ ጡብ ተቀምጦበታል። ይህንን ሁሉ ሰኔ ገና ሲገባ ቦታውን ሊያይ በመጣ ጊዜ በአጠገቡ አልፎታል። አላየውም ነበር።

ውስጥ ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። በዕድሜ የምትበልጠው አሮጊት፣ ቦክሱን የምትባለው፣ ቀና ብላ አየችው።

«ጎረምሳው፣ ቁጭ በልና ላጥ። እጁን አጣጥፎ የሚጠይቅ ሰው እዚህ ቤት አይወደድም።»

የስድሳ ስምንት ዓመቱ ሰው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ እንባ እያቀረረ ጥቂት ከላጠ በኋላ፣ «እማማ፣ ስለ ጋሪዎቹ የጠየቃችሁ ሰው ነበር?» አለ።

«የወረዳዎቹ መጥተው ፎቶ አነሡን፤ ሄዱ። ያቺ ግን አራት ቅዳሜ ተመላለሰች።»

«ማን ነች?»

«ስሟን ማን ጠየቃት? በግራ እጇ ነው የምትልጠው። ትፈጥናለች ደግሞ፤ እንዳንተ አታለቅስም። ደረጃውንና የጓሮውን በር በወረቀት አሳየችን። በጓሮ የሚገባው ሬሳና የጋዝ ሲሊንደር ነው አልናት።»

ከጥግ ያለችው አሮጊት ሣቀች። «ስለ አለቃዋ የነገረችንን ንገሪው እንጂ!»

«እሱማ ክፉ ሰው አይደለም አለች። ጆሮው ብቻ ነው የጎደለው አለች።»

ቤቱ በሣቅ ተሞላ። ታክ በእጁ የያዛትን ፍሬ መላጥ አልቻለም። በቢሮው ግራኝ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ መስመር ስታሰምር ክንዷ ሌላውን እንዳይገፋ ብሎ በማዕዘን ያስቀመጣት እርሱ ራሱ ነበር።

ቁልቁል ሲወርድ መጀመሪያ የመጣበት ቁጣ ነው። አታልላኛለች። በማሽኑ ስም የሌለ አፍ አበጅታ ከኋላው ሆና ተናግራዋለች። ግማሽ መንገድ ላይ ግን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በጉባኤ መካከል «ደረጃው አያስፈልግም» ያለውን ወጣት አስታወሰ። ያን ቀን አልተቆጣም፤ ዝም ብቻ አለ። ከዚያ በኋላ ወጣቱን ያነጋገረው አልነበረም፤ በሳምንቱ ጠረጴዛው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ማንም አላባረረውም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቢሮ እርሱ ይናገራል፤ ሌላው ይጽፋል።

አሁን ስሟን ጠርቶ ቢያመሰግናት፣ በሁሉ ፊት አለቃዋን ያታለለች ትሆናለች፤ ሳይመሽ መልቀቂያዋን ትጽፋለች። ዝም ብሎ ቢቀበል፣ ክብሩን ማሽኑ ይወስደዋል፤ እርሷም ዕድሜዋን ሰው ባልሆነ አፍ ስትናገር ትኖራለች። ባይቀበል ደግሞ ጋሪዎቹ ዝናብ ይመታቸዋል።

ቢሮ ሲደርስ አሥር ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ጣቶቹ ነጭ ሽንኩርት ይሸታሉ። ፒዮንና ሄራንን ጠርቶ ንድፉን በሰፊው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ፤ ማኅተሙን ከጎኑ አኖረው።

«ደረጃዎቹ ቢነሡ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «በዝናቡ ወራት ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በሩን ቀጥ ብሎ ይመታዋል። ባልደረባችሁን ጠይቁት። ምን ይደረግ?»

ፒዮ ወደ ኮምፒውተሩ ቁልፎች ተንጠራራ። «ሁለት ደቂቃ፣ አለቃ።»

«አንተ አይደለህም። ሄራን ትጠይቀው።»

ሄራን መጥታ ተቀመጠች። ጥያቄውን ጻፈች፤ መልሱ እጇን ሳታነሣ መጣ።

«ምን ይላል?»

«በበሩ ፊት ቦይ ይቆፈር ይላል… በብረት ፍርግርግ የተከደነ።»

«ፍርግርግ።» ታክ ቃሉን በአፉ አገላበጠው። «የጋሪ ጎማ አይሰነቀርበትም?»

ለማን እንደ ጠየቀ አልታወቀም። በኮምፒውተሩ ማያ ላይ የጽሕፈት ጠቋሚዋ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች። ፒዮ አፉን ሊከፍት ሲል ታክ በእጁ ምልክት ዝም አሰኘው። ሄራን ወደ ቁልፎቹ አየች፤ አልነካቻቸውም። አንገቷ ቀልቷል። ታክ እያያት መሆኑን አወቀች፤ እርሱም ማወቋን አወቀ፤ በእርሱ ዓይን ሥር ቃል ከዚህች ሴት እንደማይወጣም ገባው።

በአገራቸው ደንብ ታናሽ በታላቅ ፊት መጠጥ ሲጎነጭ ለአክብሮት ፊቱን ያዞራል። ታክ ጂንሞ፣ ታላቁ፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ጀርባውን ሰጣት። ከታች ወደቡ ይታያል። አንድ ክሬን ቀይ ሣጥን አንጠልጥሎ የት እንደሚያኖረው ያልቆረጠ ይመስል በአየር ላይ ቆሟል። ታክ በዓይኑ እርሱን ያዘ፤ በጆሮው ግን ከኋላው ያለውን ክፍል።

የፒዮ ጫማ አንዴ ተንቀሳቀሰ፤ ተወ። ከዚያ ወረቀት በጠረጴዛ ላይ ሲንሸራተት ሰማ። ንድፉ ነበር። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ማንም የእርሱን ንድፍ ወደ ራሱ ስቦ አያውቅም።

«ይሰነቀራል፣» አለች ሄራን።

የእርሳስ ጫፍ ወረቀቱን ነካ። ታክ አልዞረም።