ቱንቢ ያቀናው ግድግዳ

ሰፈርተኛው ቱንቢ ይለዋል፤ ስሙ የወጣለት ግንብ ቀጥ ማለቱን ከሚለካበት ገመድ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ግንብ ሲገነባ አንድም ጠማማ ከእጁ አልወጣም። እንዲህ ያለ ሰው የገዛ ቤቱ ግድግዳ የሰፈር መሳቂያ ሲሆንበት ምን ይበል?

የሚስቱ ሥራ ነው። የተሰበረ ሳህን፣ የኩባያ እጀታ፣ የማንቆርቆሪያ አፍ፣ ያገኘችውን ሁሉ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ትሰካለች። ያውም አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ እያጣመመች፣ ሃያ ሁለት ዓመት! እሱ ከሥራ በገባ ቁጥር፣ "ኧረ በሕግ! ይኼ ጉድ በእኔ በር ላይ?" ይላል። እሷ ደግሞ እየሳቀች፣ "የሰዉን ግድግዳ ሁሉ አቅና፤ ይቺን አንዷን ተውልኝ" ትለዋለች። ሞተች፤ ግድግዳው ቀረ።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። ቀለሙን የሚለዋውጥ ሐይቅና በጠርሙስ የተሠራ ቤት አይቻለሁ የሚል አንድ መንገደኛ ግድግዳውን ፎቶ አነሳው። ወሬው ወሬ ወልዶ፣ ከሩቅ አገር ሳይቀር እየመጡ አፋቸውን ከፍተው ያዩት ጀመር።

በዚህ መሃል፣ መንገድ ሊሰፋ ነው፣ ቤቱም ይፈርሳል ተባለ። ሌላ ከተማ የምትሠራው ልጁ የግድግዳውን ፎቶ ይዛ ቅርስ ጽሕፈት ቤት አመለከተች። ሐሙስ ዕለት ደወለች።

"አባዬ፣ ሰኞ ኮሚቴው ይመጣል። ከተመዘገበልን መንገዱ በሌላ በኩል ይዞራል፣ ቤታችንም ይተርፋል። አደራ፣ በሩን ጠራርገህ ጠብቀን።"

ጥረግ ነው ያለችው! ቱንቢ ግን ሐሳብ ገባው። ትልልቅ ሰዎች መጥተው የሚስቱን ሥራ እንዲያ ተጣሞ ሊያዩት? "እኔ የሳቅሁባት ይበቃታል፤ ሌላ ሰው አይስቅባትም" አለ። አቤት ፍቅር! አቤት ድንቁርና!

ዓርብ በጠዋት መዶሻና መሮውን አነሳ። አንድ በአንድ ነቀለ፣ አጠበ፣ ያፈነገጠውን ከረከመ። ሲባጎ ወጥሮ ነጩን ከነጭ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ በረድፍ ደረደረው። ከአንዱ ሳህን ጀርባ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ የአውራ ጣቷን አሻራ አገኘ። ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ከዚያ ዕንባውን ጠረገና በልስን ደፈነው።

ሰኞ ልጁ ከኮሚቴው ጋር መጣች። ሰብሳቢዋ ፎቶውን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ደግማ ፎቶውን አየች።

"ይቅርታ አባቴ፣ ግድግዳው የቱ ነው?"

"ይኸው እኮ! አስተካክዬው ነው።" ውሃልኩን አምጥቶ ለጠፈበት። አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ አለች። "አዩልኝ? ዝንፍ አይልም!"

ሴትዮዋ ፎቶውን ማህደሩ ውስጥ መለሰችው። "ሥራዎ ንጹሕ ነው፣ እጅዎ ይባረክ። ግን እንዲህ ያለውማ በየመታጠቢያ ቤቱ አለ" አለችና ማህደሩን ዘጋች።

ኮሚቴው ከሄደ በኋላ ልጁ በሩ ላይ ቁጭ አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ በተሻለው ነበር።

"አባዬ፣ እማዬ ተውልኝ ብላህ አልነበር?"

"ብላኛለች" አለ ቱንቢ። "ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ብላኛለች።"

በማግስቱ የመንገድ ሥራ ሰው የቀለም ቆርቆሮ አንጠልጥሎ መጣና፣ ለሚፈርስ ቤት የሚደረገውን ትልቅ ቀይ ኤክስ ግድግዳው ላይ አድርጎ ሄደ። ቸኩሎ ስለነበር ምልክቱ ተንጋዷል። በዚያ ግድግዳ ላይ የቀረው ጠማማ ነገር እሱ ብቻ ነበር። ቱንቢ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ ሲያየው ዋለ።