ሹራቡን የሰደቡበት ማስፈራሪያ

በእኛ መንደር በየበጋው ሁሉም ሰው የወፍ ማስፈራሪያ ሠርቶ ደጁ ላይ ያቆማል። ዳኛው እየዞረ ያይና ላሸነፈው ቀይ ሪባን ይሰካለታል። ጎረቤቴ ግሌኒስ በየዓመቱ እያሸነፈች አላስቆም አላስቀምጥ ብላናለች። ዘንድሮ ግን ብሞት አለቅላትም ብዬ ቆርጬ ተነሣሁ።

የውድድሩ ዕለት ማለዳ ወጥቼ ሳይ የግሌኒስ ውሻ የኔን ማስፈራሪያ ሆዱን ዘርግፎታል! የተረፈኝ የጆንያው ራስ፣ ባርኔጣውና የተበተነ ገለባ ብቻ ነው። ዳኛው ሚስተር ፔምበርተን ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ደርሷል። ዞር ስል ባሌ ኖርማን ያን ከላዩ የማይለየውን አሮጌ ሹራቡን ለብሶ አግዳሚው ላይ ሻይ ይጠጣል።

እኛ አገር ታቲ የሚባል ቃል አለ። ቆሻሻ ማለት አይደለም፤ የኖርማንን ሹራብ ሁልጊዜ አጥባለሁ። ቡትቶም አይደለም፤ ቡትቶ ይጣላል። ድሪቶም አይደለም፤ ድሪቶ የሚለብስ ሌላ የሌለው ሰው ነው። ታቲ ማለት ድሮ ያማረ፣ አሁን ክርኑ የሳሳ፣ ጠርዙ የተተረተረ፣ ባለቤቱ ግን አዲሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቅሎ "ኧረ ምን ሆነ?" የሚልለት ነው። ሶፋም መጋረጃም ታቲ ይሆናል፤ የሰፈራችን መጠጥ ቤት ከነወንበሩ ታቲ ነው፣ ስለዚያም እንወደዋለን። ኖርማን ፊት ግን ሹራቡን ታቲ ያለ ሰው አለቀለት።

"ኖርማን፣ ተነሥ! በሩ ጋ ቁም! እንዳትንቀሳቀስ!"

"ሻዬን ልጨርስ እንጂ።"

"እደፋልሃለሁ! ማስፈራሪያ ሁን!"

"ምን ልልበስ ታዲያ?"

"ምንም አትቀይር የኔ ጌታ። እንዲሁ ግሩም ነህ።"

ጆንያውን ከነባርኔጣው አጠለቅሁበት፣ በየእጅጌው ገለባ ወሸቅሁ። ወዲያው ሚስተር ፔምበርተን ግሌኒስን አስከትሎ ደረሰ።

"ኧረ ወይዘሮ ብራምሊ፣ ድንቅ ነው! ሆዱ ራሱ የእውነት ሆድ ይመስላል!"

ሆዱ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ከንፈሬን ነከስሁ።

"ተነፈሰ ልበል?" አለች ግሌኒስ።

"ነፋስ ነው" አልኳት። ቅጠል እንኳ አይወዛወዝም ነበር።

ሚስተር ፔምበርተን ሪባኑን ከኪሱ አወጣ። መርፌው ደረቱ ጋ ሊደርስ ትንሽ ቀረው።

"ሹራቡን ግን ከየት አመጡት? እንዲህ ያለ ታቲ ነገር በሕይወቴ አላየሁም!"

ዝም በል ኖርማን፣ ስለ እግዚአብሔር ዝም በል!

"ታቲ አይደለም!" አለ ማስፈራሪያው። "ገና ያገለግላል!"

ሚስተር ፔምበርተን ወደ ኋላ ዘሎ ጎመኔ መሃል ቁጭ አለ። ግሌኒስ ጮኸች፤ ጩኸቷ ወዲያው ሳቅ ሆነባትና አጥሩን ተደገፈች።

"ደንቡ... በቤት የተሠራ መሆን አለበት ይላል" አለ ዳኛው ትንፋሹን እየሰበሰበ።

"ታዲያ ማን ሠራው? ስንጋባ ሸምበቆ ነበር! ያን ሆድ በኬክ የገነባሁት እኔ ነኝ!"

"የሚናገር አይፈቀድም፣ ወይዘሮ ብራምሊ።"

"እሱ ቤት ውስጥ ተናግሮ አያውቅም እኮ!"

ሪባኑ ለግሌኒስ ሄደ። ኖርማን ጆንያውን እንዳጠለቀ ዳኛውን በሩ ድረስ እየተከተለ ክርኑን ያሳየዋል፤ "ብርሃን ላይ ይዩት እስቲ!" እኔና ግሌኒስ ጎመኑ ላይ ተቃቅፈን እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ለመናደድ ብሞክር ጉልበት አጣሁ።