ያልተገናኘው መንገድ

ሴትዮዋ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ገና ሳትቀመጥ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት። ከዘመድም፣ ከጎረቤትም፣ ከእድርም አይደለችም።

ስህን ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ሆና ተመለከተቻት። ባሏን ጌዴዎንን ትናንት ነው የቀበረችው። ደረቴን አለ፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ልብ ብላ አላየችም ነበር። አሁን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ማወቅ አማራት፤ ይህች ሴት ማን ናት?

ንፍሮ ስታድል የቆየችው መስታወት፣ የጌዴዎን እህት፣ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠችና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ነው የመጣችው። ሀጀራ ይሏታል።»

«በምን ታውቀዋለች?»

መስታወት ዓይኗን ሰበረች። «ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ቤት ይሄድ ነበር ነው የሚሉት። እኔ እንጃ።»

ስህን ቅዳሜዎቹን አሰበች። እውነት ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌቱን ይዞ ይወጣል፤ ሲመለስ አቧራ ለብሶ፣ ፊቱ ፈክቶ ነው። የት ነበርክ ስትለው «መንገዴን ሳይ» ይላታል።

ጌዴዎን የማዘጋጃ ቤት የፕላን ባለሙያ ነበር። ሐሳቡ ሁሉ አንድ ነበር፤ በከተማዋ ዙሪያ ተበጣጥሰው የቀሩትን የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ዳርና ዳሩን ዛፍ እየተከሉ ማገናኘት። በራት ሰዓት ጠረጴዛው ላይ በጣቱ ይስልላታል። የጨው ዕቃው እስጢፋኖስ ገዳም ይሆናል፣ የውሃው ብርጭቆ አርዲቦ። ጣቱ ከገዳሙ ተነስቶ የዚያን ሐይቅ ዳር ይዞ ይሄድና ብርጭቆው ጋ ሊደርስ ሲል ይቆማል። «እዚህ ጋ ትንሽ ጎድሎኛል» ይላል። ምን እንደጎደለው ጠይቃው አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሲሳሳ ስህን ሴትዮዋን አስጠራቻት።

«አብሽሪ የኔ እህት፣ አላህ ያጽናሽ» አለች ሀጀራ።

«አሜን። ባሌን እንዴት አወቁት፣ እትዬ?»

«መሬት ሊጠይቀኝ መጥቶ ነው። የማሽላ ማሳዬን ዳር ለመንገድ ስጪን አለኝ። ሌላው ሁሉ እሺ ብሏል፤ እኔ እምቢ። መንገድ የሚባል ስሙን አታንሳብኝ ብዬ ገና ሳይጨርስ አባረርኩት። ልጄን ኸሚስን ከትምህርት ቤት ሲመለስ አስፋልት ላይ መኪና ነው የበላብኝ።»

«ታዲያ ለምን ይመላለስ ነበር?»

«እሱን እኔም አላውቅ። በሳምንቱ መጣ፤ ስለ መሬቱ ትንፍሽ አላለም። ኸሚስ ምን ይወድ ነበር አለኝ። በሌላው ሳምንት ደግሞ መጥቶ፣ መልኩ ወደ ማን ነበር አለኝ። ወላሂ፣ የልጄን ስም የሚጠራልኝ እሱ ብቻ ነበር። ሰው ያስለቅሰኛል ብሎ ይፈራል መሰለኝ።»

ሀጀራ አፍንጫዋን በሻሿ ጠረገች።

«በመጨረሻ ራሴ አነሳሁበት። መንገድህ መኪና ይገባበታል ወይ አልኩት። አይገባም፣ እግረኛና ብስክሌት ብቻ አለኝ። ልጆችስ አልኩት። ትምህርት ቤት ድረስ ይወስዳቸዋል፣ አስፋልቱን አይረግጡም አለኝ። ሳስብ ሰነበትኩ። ዛሬ ‹እሺ› ልለው መጥቼ ነው ድንኳኑን ያየሁት።»

ከኋላ ሆና ስትሰማ የነበረችው መስታወት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስህን የሀጀራን እጅ ይዛ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ከዚያ፣ «ቦታውን ያሳዩኛል?» አለቻት።

ሠልስቱ በወጣ ማግስት ስህን ጥቁሯን እንደለበሰች ተነሳች።

«ሐዘንተኛ ከቤት ወጥታ ሰው ምን ይላል?» አለች መስታወት።

«የፈለገውን ይበል።»

መስታወት ትንሽ አመነታችና ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለቻት።

ማሳው ላይ ስህን የላከችበት የጌዴዎን የሥራ ባልደረባ፣ ዝናቡ፣ ችካል ተሸክሞ ይጠብቃቸው ነበር። ሀጀራ የት ጋ እንደሚተከል ራሷ አሳየችው። እሱ ሲመታ እሷ ጎንበስ ብላ ችካሉን ትይዛለች። የቆመው ማሽላ ውስጥ ሲደርሱ ሰፋ አድርጎ እንዲለካ ነገረችው። የችካሉ መስመር ተበጥሶ ከቀረው መንገድ ጋር ሲገጥም ከወዲያ ማዶ የአርዲቦ ውሃ ታየ።

«በይ እስቲ፣ አንቺ ሂጂበት» አለቻት ሀጀራ።

ስህን በችካሎቹ መካከል መራመድ ጀመረች። ቦታው ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስኬዳል። መሐሉን አልያዘችም፤ ወደ ዳር ጠጋ ብላ፣ ከጎኗ የአንድ ሰው ቦታ ትታ ሄደች።