አራት ነጥብ ሁለት

የካማሺን ክትባት ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ማቀዝቀዣውን አልነካሁም፣ በሩንም አልከፈትኩም። ያደረግኩት አንድ ማሽን ሳላቆም ከቦታ ወደ ቦታ ማሻገር ነው። ማቆም ነበረብኝ።

መስሪያ ቤታችን አሶሳ ላይ ክትባት እየተቀበለ ለወረዳዎች ያከፋፍላል። በግቢው ጫፍ ሰው ቆሞ የሚገባበት ማቀዝቀዣ ክፍል አለ። ውስጡ ያለው የሙቀት መለኪያ በገመድ ግድግዳውን አልፎ ጎኑ ካለው አሮጌ ሰርቨር ጋር ይገናኛል። ሰርቨሩ ውስጥ ደግሞ የራሱ አካል የሌለው ኮምፒውተር ይሠራል፤ ቨርቹዋል ማሽን እንለዋለን። እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም እዚያ ሆኖ በየደቂቃው ቁጥሩን ያነባል፣ ይመዘግባል፣ ከስምንት ዲግሪ ካለፈ ይጮኻል።

ጣጣውን ያመጣው ጩኸቱ ነው። እዚህ መብራት በቀን ሦስት አራት ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ያኔ ሰርቨሩ በባትሪ ይቆያል፤ መለኪያው ግን ለጥቂት ሰከንድ ይጠፋል፣ ፕሮግራሙ ባዶ ያነብና ያምባርቃል። የአለቃችን የአቶ ዳምጠው መስኮት ደግሞ ከሳይረኑ ፊት ለፊት ነው።

"እስከዳር፣ ይሄን ነገር አንድ በይልኝ" አሉኝ አንድ ቀን። "ስልክ ሳወራ ሰዎቹ 'ቤት ተቃጠለ እንዴ?' እያሉ ይጠይቁኛል።"

አንድ አልኩት። መለኪያው ሲጠፋ ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ እንዲጠብቅ አደረግኩ። አምስት መስመር ነው የጻፍኩት። እስከ መቼ እንደሚጠብቅ አልጻፍኩም፤ ነገ እጨምረዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ፕሮግራሙ ከመምጣቱ በፊት ቁጥሩን የሚጽፉት ጋሽ ማህጁብ ነበሩ። እዚሁ አካባቢ የመንጌ ሰው ናቸው፣ ማቀዝቀዣ ክፍሉን ይዘው አሥራ አንድ ዓመታቸው። ጠዋትና ማታ፣ እሁድም ሳይቀር፣ ገብተው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ክብ ቴርሞሜትር አይተው መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። ቁጥሩን የሚያሳየው ስክሪን ቢሮዬ ከተሰቀለ በኋላ መዝገቡ ቀረ። በደብዳቤ ነው የቀረው፣ ደብዳቤውን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ በሩ እንዳይከፈት የሚል መስመርም አለበት፤ በተከፈተ ቁጥር ቅዝቃዜው ይወጣል። ስብሰባው ላይ "ኮምፒውተር እሁድ የለውም" ብዬ ሰው አስቄያለሁ።

ጋሽ ማህጁብ አልሳቁም። "ኮምፒውተር ቅዳሜ ቢታመም ማን ይነግራል?"

"ራሱ ይናገራል" አልኳቸው።

መዝገቡን ተቀብዬ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።

ዓርብ ዕለት ማሽኑን ወደ አዲሱ ሰርቨር ላሻግር ተነሳሁ። አዲሱ ግቢውን ተሻግሮ ዋናው ሕንፃ ውስጥ ነው ያለው፤ እሱም ባትሪ ስላለው መብራት ሲሄድ አይጠፋም። የአሮጌው ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ይጮህ ጀምሮ ስለነበር ሥራው ለነገ የሚባል አልነበረም። ማሽኑን አጥፍቶ፣ አዲሱ ላይ መልሶ ማስነሳት አሥር ደቂቃ ነው። ግን እየሠራ ሳለ ማሻገር እንደሚቻል ለአቶ ዳምጠው ነግሬያቸው ነበር፣ እሳቸው ደግሞ ከአዲስ አበባ ለመጡ እንግዶች ነግረዋል።

"አንዲት ሰከንድ እንዳትቆም" አሉኝ።

እኔም ፈልጌዋለሁ። አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ፈትኖ ተቀብሎኛል። ፈተናው ላይ ይህንኑ በእጄ ሠርቼ አውቅ እንደሆነ ጠይቀውኝ አዎ ብያለሁ፤ ውሸቴን ነበር። ሥራ የምጀምረው በሚቀጥለው ሳምንት ሲሆን የሚጠብቁት የመልቀቂያ ደብዳቤ ብቻ ነው። ደብዳቤው ተጽፎ፣ ማኅተም ሳይቀር አርፎበት፣ አቶ ዳምጠው ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ይጠብቃል። ባምባሲ ተወልጄ፣ ባሕር ዳር ተምሬ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ አራት ዓመት ሳይረን ሳስተካክል ኖሬያለሁ። በቃኝ።

አሠራሩ ይህ ነው፦ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ማስታወሻው፣ ሜሞሪ የምንለው፣ ገጽ በገጽ ወደ አዲሱ ሰርቨር ይገለበጣል። በመሀል የተለወጡት ገጾች እንደገና ይገለበጣሉ። መጨረሻ ላይ ከዓይን ጥቅሻ ላነሰ ጊዜ ቀጥ ይላል፤ የኔትወርኩም የዲስኩም ገመድ የሚሰካባቸው ወደቦችም ሁኔታ ታሽጎ ይሄድና እዚያ ይፈታል። ማሽኑ መሄዱን እንኳ አያውቅም።

መጀመሪያ እንቢ አለኝ። እውነተኛ መሣሪያ ተሰክቶብኛል፣ ይህን ይዤ አልሄድም ነው የሚለው። እውነቱን ነው። ከሶፍትዌር የተሠራ ነገር ሁኔታው ይታሸጋል፤ ግድግዳ ያለፈ ገመድ ግን አይታሸግም። መለኪያውን ከማሽኑ አላቀቅኩት። ከዚያ ሄደ። እንግዶቹ ስክሪኑ ላይ አራት ነጥብ ሁለት ሳይንቀሳቀስ አይተው አጨበጨቡ።

የቀረኝ አሮጌው ሰርቨር የመለኪያውን ቁጥር በኔትወርክ ለአዲሱ እንዲልክ ማድረግ ነበር። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሆኗል፣ የሚጮህ ነገር የለም፣ እንግዶቹ ራት ጋብዘውናል። ለሰኞ አልኩ።

አጥፍቼ አስነስቼው ቢሆን ኖሮ ማሽኑ የሚይዘው የመጨረሻ ቁጥር አይኖረውም፤ ባዶ አንብቦ ግቢውን በጩኸት ያናውጠው ነበር። ሳላጠፋው ስለሄደ ግን ማስታወሻውን ሙሉ ይዞ ሄደ። አራት ነጥብ ሁለትንም።

ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጋሽ ማህጁብ ክቡን ቴርሞሜትር ከግድግዳ ነቅለው በእጃቸው ይዘው ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ። እኔ ልጅ ነኝ፣ ሴትም ነኝ፤ እሳቸው ግን ሁሉንም ሰው "አንተ" ነው የሚሉት።

"እስከዳር፣ አንተ ስክሪን ስንት ይላል?"

"አራት ነጥብ ሁለት።"

ቴርሞሜትሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ሃያ ስድስት ይላል።

"ከውጭ ነው ያመጡት፣ ሞቆ ነው" አልኩ፤ አፌ ቀደመኝ።

"ከውስጥ ነው። ና፣ እጅህን አስገባ።"

ግቢውን በሩጫ ተሻገርኩ። በሩ ሲከፈት ፊቴን የመታኝ የተዘጋ ቤት አየር ነው። ቅዳሜ መብራት ሄዶ ሲመለስ የማቀዝቀዣው ማብሪያ ወድቆ ቀርቷል፤ ጥበቃው መብራቱ ቀትር ላይ እንደሄደ ነገረን። ጋሽ ማህጁብ አንድ የፖሊዮ ብልቃጥ አንስተው ወደ ብርሃን ያዙት። ብልቃጡ ላይ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ትንሽ ካሬ አለ፤ እንደ ዙሪያው ክብ ከጠቆረ ይጣላል። ካሬው ግራጫ ሆኗል።

"ቅዳሜ ማታ መጥቼ ነበር" አሉ። "በር መክፈት ደብዳቤው ከልክሏል። በቢሮህ መስኮት ስክሪን አየሁ። አራት ነጥብ ሁለት አለ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ሄድኩ።"

ማብሪያውን መልሼ አነሳሁት። ሞተሩ ተንገራግጮ ሠራ፤ አሁን ምን ያደርግልናል።

አቶ ዳምጠው ሁሉንም ሰሙኝ። አልተቆጡም፤ ብልቃጡን በሁለት ጣት ይዘው አገላበጡት።

"ጠቁሯል?"

"ሊጠቁር ነው።"

"ሊጠቁር የሆነና የጠቆረ አንድ ነው? ገና ነው ማለት ነው።"

"አቶ ዳምጠው፣ ሌሎቹንስ? ማን መረመራቸው? የሚያውቅ ሰው ያጣራ። እስኪጣራ ዛሬ ካማሺ የሚሄደው መኪና ይቁም።"

"ካማሺ ድረስ መንገዱን ታውቂዋለሽ። እናቶች ቀን ተነግሯቸዋል፣ ከየቀበሌው ልጅ አዝለው ይወጣሉ። ቁሙ ብዬ ሁለተኛ ብጠራቸው የሚመጣ ያለ ይመስልሻል?" ብልቃጡን አስቀመጡት። "ኮምፒውተሩ ምን ይላል?"

"ኮምፒውተሩ የዓርቡን ነው የሚያወራው።"

"ምን ይላል ነው ያልኩሽ።"

"አራት ነጥብ ሁለት።"

"እንግዲህ እሱን አትሚና ፈርመሽበት ለስርጉት ስጫት። እኔም ያንቺን እፈርማለሁ፣ ዛሬውኑ።" ደብዳቤዬን በጣታቸው ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ገፋ አደረጉት።

ወጥቼ ማተሚያው ጋ ሄድኩ። ልዋሽ አልፈልግም፤ ላትመው ነው የሄድኩት። በእግሬ እየሄድኩ አውቶቡስ ቲኬት እያሰብኩ ነበር።

ስርጉት የካማሺው ቡድን መሪ ነርስ ናት። ማሰሪያው የላላ ጫማዋን እየጎተተች ደረሰችብኝ። "ፈጠን በይልኝ እባክሽ፣ ሹፌሩ ካሁኑ ተነጫንጯል። የበረዶ ሳጥኖቹን ከፍቼ ነው የመጣሁት።"

ማተሚያው ወረቀቱን ተፋው። ከዓርብ አሥራ አንድ እስከ ሰኞ ሁለት፣ ስልሳ ሦስት ሰዓት፣ በማስመሪያ የተሰመረ የመሰለ አንድ መስመር። የሚሠራ ማቀዝቀዣ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ሞተሩ ሲነሳ ይወርዳል፣ ሲያርፍ ይወጣል። የዓርብ ጠዋቱ መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ ነው።

ስርጉት በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየችው። "ደስ ሲል። ደህና ነው ማለት ነው አይደል?"

"ቆይ" አልኳት።

"ምን ቆይ አለው?"

"ቆይ ስርጉት። ሳጥኖቹን መልሰሽ ዝጊያቸው።"

ቢሮዬ ስመለስ ጋሽ ማህጁብ እዚያ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። "መዝገቤን ስጠኝ" አሉ። መሳቢያዬን ከፍቼ አወጣሁላቸው። በማስመሪያ አስምረው የቅዳሜንና የእሁድን ቀን ጻፉ። አጠገባቸው ምንም አላስቀመጡም። ሰኞ ጠዋት ላይ ሃያ ስድስት ብለው ፈረሙ።

"ቅዳሜና እሁድን ምነው ባዶ ተዉት?"

"አላየሁም።"

"ስክሪኑን አይተው የለ?"

"ስክሪን ያንተ ነው። ያንተን አንተ ጻፍ።"

ቁጭ አልኩና በእጄ ጻፍኩ። ማተሚያውን መጠበቅ አልፈለግኩም። ስምንት መስመር ሆነ፦ ዓርብ መለኪያውን አላቅቄ እንዳልመለስኩት፣ ከዚያ ወዲህ የተመዘገበው ቁጥር ሁሉ ሐሰት እንደሆነ፣ ዛሬ ጠዋት ሃያ ስድስት እንደተነበበ፣ ክትባቱ ሳይጣራ ከግቢ እንዳይወጣ። ግልባጭ ለበላይ መስሪያ ቤት፣ ግልባጭ ለክትባት ቡድኑ። ወደ አቶ ዳምጠው አልወሰድኩትም። መዝገብ ቤት ወሰድኩት።

የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ አሰለፈች ወረቀቱን ዘቅዝቀው አዩት። "የኮምፒውተር ሰው በእጅ ጻፈ? ዓለም ሊያልፍ ነው መሰለኝ።"

"ቁጥር ይስጡልኝ።"

"አለቃሽ አይተውታል?"

"ቁጥሩን ሲያገኝ ያዩታል።"

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ማኅተሙን አነሱ። በእኛ መስሪያ ቤት ሰው ይረሳል፣ ኮምፒውተር ይሰረዛል፤ የመዝገብ ቤት ቁጥር የያዘ ወረቀት ግን ማንም ወደ ኋላ አይመልሰውም። አንዱን ግልባጭ ለስርጉት ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፣ ሹፌሩን ከመኪናው ልታወርድ ሄደች።

አቶ ዳምጠው ዋናውን ሁለቴ አነበቡት።

"ይሄን አንሺው።"

"ቁጥር አለው።"

"ስለ ቁጥሩ እኔ አናግራቸዋለሁ፣ አንሺው ነው የምልሽ።"

"ግልባጩ ስርጉት ጋ ነው። መኪናው ቆሟል።"

ወደ መስኮቱ ዞሩ። በመስኮቱ ሳይረኑ ይታያል፣ ሳሩ ላይ የወደቁ ማንጎዎች፣ ጋሽ ማህጁብ ማቀዝቀዣ ክፍሉን ጠርገው በሩ ላይ "አይወጣም" የሚል ወረቀት ሲለጥፉ።

"በራስሽ ላይ ነው የጻፍሽው፣ ገብቶሻል?"

"ሌላ ማን ላይ ልጻፈው?"

"ሳይረኑን ዝም አሰኚ ያልኩሽ እኔ መሆኔን አልጻፍሽም።"

"አምስቱን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ከጠረጴዛው አነሱ። አልቀደዱትም። መሳቢያቸውን ከፍተው ከተቱት፣ ቁልፉን አዞሩ። "እስኪጣራ ማንም ከዚህ ግቢ አይለቅም።"

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ወር፣ ሁለት ወር።"

አዲስ አበባ ሁለት ወር አይጠብቅም፤ ሁለት ሳምንትም አይጠብቅም።

"እስከዚያስ ምን ልትሠሪ ነው?"

"መለኪያውን ልመልስ። ከዚያ አምስቱን መስመር አጠፋለሁ። መብራት በሄደ ቁጥር ይጮኻል፣ ይልመዱት።"

የቢሯቸው በር ማጠፊያው ስለላላ እጀታውን ወደ ላይ ካላነሱት አይገጥምም። ወጣሁ፣ አነሳሁት፣ ዘጋሁት።