ጉምሩክ ያሳለፈችው ሽሪምፕ

ሽሪምፕ፣ ያ ባለ ቅርፊት የባሕር ምግብ፣ ቶሎ ይበስላል የሚሉ ሰዎች ማን እንደሚልጠው አይናገሩም። እኛ ቤት የምልጠው እኔ ነኝ። የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ፤ በቀኑና በማታው ፈረቃ መሀል ቤት ብቅ የምለው እራት ልቀምስ ብቻ ነው። ያቺኑም ጊዜ ባለቤቴ በሥራ ትሞላልኛለች።

እሷ የሆስፒታል ወጥ ቤት ዕቃ ተቀባይ ናት። ዓሣው፣ ሥጋው፣ ወተቱ በእሷ አፍንጫ ሥር ሳያልፍ ድስት ውስጥ አይገባም። ነጋዴዎቹ «ጉምሩክ» ይሏታል። ቅጽል ስሙ ቤት ድረስ ተከትሏት መጥቶ እኔና ልጃችንም በዚሁ እንጠራታለን፤ ደስ ይላታል እንጂ አይከፋትም። ስንት ዓመት እዚያው ወጥ ቤት ድንች ስትልጥ ኖራ ነው ለዚህ ሥራ የበቃችው።

ቤትም ውስጥ የምታሸተው እሷ ብቻ ናት። ወተቱ መበላሸቱን፣ ካልሲዬ አለመታጠቡን፣ ጎረቤት ምን እያበሰለ እንደሆነ የምትነግረን እሷ ናት። እኔና ልጄ አፍንጫ የያዝነው ለመተንፈሻ ነው።

ያን ዕለት ማታ እንደ ወትሮዋ በሩጫ ገባች። ሽሪምፑን ከመንገድ ገዝታ ነበር። ከረጢቱን ከፈት አድርጋ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና «በል ላጥልኝ፣ ሰዓትህ ሊደርስ ነው» አለችኝ። ልጃችን ነገ ፈተና አለባት፤ የምግብ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፏን ዘርግታ ታነበንባለች።

ራሱን ቆርጦ መጣል፣ ቅርፊቱን መግፈፍ፣ ጀርባውን ሰንጥቆ ጥቁሯን ክር መምዘዝ። ገና ጥቂት እንደላጥኩ የሽንት ቤት ማጽጃ የመሰለ ሽታ አፍንጫዬን ወጋኝ። ወለሉ ተወልውሎ ይሆናል አልኩ። ጉምሩክ ያሳለፈችውን የምመልስ እኔ ማን ነኝ?

እሷ ምድጃው ላይ ነጭ ሽንኩርት በዘይት እያቁላላች የባልደረባዋን ወሬ ታወራልኛለች። ሽንኩርቱ ማረር ጀመረ። ይህች ሴት ነጭ ሽንኩርት ሊያር ሲያስብ የምታውቅ ናት። አሁን ግን ፊቷ ጭሱ ውስጥ ሆኖ ወሬዋን ቀጠለች።

«አንቺ፣ አረረብሽ እኮ!»

ደንገጥ ብላ መጥበሻውን አነሳች። «አንተ ነህ በወሬ የያዝከኝ» ብላ በእኔ አላከከች። ሌላ ነጭ ሽንኩርት ከተፈች፣ ሽሪምፑን ጨመረች፣ ቀላ ሲል ሎሚ ጨመቀችበትና አወጣችው።

ሎሚው ሽታውን አልሸፈነውም። ልጄን አየኋት፤ እሷም አየችኝ። ሁለታችንም የተሳሳተው የራሳችን አፍንጫ ነው ብለን ሹካ አነሳን። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ፤ እኛ ቤት ግን ሕጉ እንዲህ ነው። ልጄ አንዷን አፏ ውስጥ ከተተችና ዓይኗን ጨፍና ዋጠቻት።

«ይጣፍጣል፣ እማዬ» አለች። ሁለተኛዋን ስትወጋ አላስቻለኝም፤ ሹካዋን ከእጇ ነጠቅኳት።

«ይሸታል!» አልኩ።

«ምኑ?» አለች ባለቤቴ።

«ሽሪምፑ ነዋ! ተበላሽቷል። አይሸትሽም እንዴ?»

ሰሐኑን አንስታ አፍንጫዋ ሥር ያዘችው። በረጅሙ ሳበች። ደግማ ሳበች። ከዚያ ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«ከዚያ ጉንፋን ወዲህ ምንም አይሸተኝም።»

«ሳሙናም?»

«ሳሙናም፣ ጭስም። ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል እያልኩ…»

ጉንፋኑ የያዛት ባለፈው ወር ነው። «ሥራ ቦታስ?»

«በዓይኔ አያለሁ፣ በጣቴ ጫን አድርጌ እነካለሁ። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም።» ሰሐኑን አየችው። «እስከ ዛሬ።»

«የሚበሉት እኮ በሽተኞች ናቸው።»

«እሱን መቼ አጣሁት? ብነግራቸው ወደ ድንቹ ይመልሱኛል። የማታሸት ጉምሩክ ምን ታደርግላቸዋለች?»

ልጃችን ተነስታ አፏን በውሃ ትጉመጠመጣለች፤ ስትተፋ፣ እንደገና ስትጉመጠመጥ እናቷ አየቻት። ከዚያ ስልኳን አንስታ ለወጥ ቤቱ ኃላፊ ደወለች።

«ጋሼ፣ ነገ ዓሣውን የሚቀበል ሌላ ሰው ፈልጉ» አለችው። ምክንያቱንም ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችው። የእሱ ድምፅ አልተሰማኝም። «እሺ። ይገባኛል ጋሼ። ድንቹም ቢሆን ለምጄዋለሁ» ብላ ዘጋች።

ሽሪምፑን ደፍቼ እንቁላል ጠበስኩላቸው። ጃኬቴን ስለብስ ባለቤቴ ልጃችንን አቅፋ አፍንጫዋን ፀጉሯ ውስጥ አስገባች። ከጨቅላነቷ ጀምሮ ማታ ማታ የምታደርገው ነው፤ ያን ያህል ግን ቆይታ አታውቅም። ቀና ስትል እኔን አየችኝ።

«እስቲ ና» አለችኝ። «ምን ምን እንደሚሸት ንገረኝ።»

ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። «ሳሙና» አልኩ። «ትንሽ ያረረ ነጭ ሽንኩርት።»

«ከሱ ሥርስ?»

ደግሜ አሸተትኩ። «ከሱ ሥር አንድ ነገር አለ። ምን እንደምለው አላውቅም።»

«እሱን ነው የምጠይቅህ» አለች። «አለ?»

«አለ።»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችና ሰሐኖቹን ማንሳት ጀመረች። የዚያን ዕለት አውቶቡሱን ዘግይቼ አወጣሁት።